ሁለት ሰው የሚፈልግ መሰላል

በሰሜን ዊስኮንሲን ሰው ደመወዙን ይነግርሃል፣ የሚስቱን ኩርፊያ ይነግርሃል፣ የኪንታሮቱን ነገር ሳይቀር ቁርስ ላይ ያወጋሃል። ወጥቶ አጋዘን የሚጠብቅበትን ዛፍ ግን ቄሱም ቢጠይቁት አይነግርም። ቨርሊን ሃውገን ደግሞ በዚህ ከሁሉም ይብሳል። ከአባታቸው የወረሱት ሰማንያ ኤከር ጫካ የእሱና የታላቅ ወንድሙ የኦርቪል ነው። ሁለቱ ማገዶ አብረው ይቆርጣሉ፣ ቋሊማ አብረው ይሠራሉ። አደን ሲከፈት ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ማን የት ዛፍ ላይ እንደሚወጣ አይጠያየቁም።

አምና በመክፈቻው ዕለት፣ ቨርሊን ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ እጁ ዛፉ ላይ የቸነከረው የጣውላ ማማ ከእግሩ ሥር ተሰበረና እሱ በአንድ ክንዱ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደምንም እግሩን ቅርንጫፍ ላይ አሳርፎ ወረደ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዓመቱን ሙሉ ይዞት ከረመ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፈርቷል። ከፍታውን አይደለም የፈራው፤ ቢወድቅ የት እንደወደቀ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩን ነው።

አደኑ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁለት መቶ ሃያ ዶላር ይዞ የኮሪን ሱቅ ገባ። ኮሪን አብራው የተማረች ናት፤ የአደን ዕቃ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል።

«ማማ ፈልጌ ነበር» አላት።

«ዛፉ ምን ዓይነት ነው?»

«ዛፍ ነው።»

«ጎበዝ። እኔ ደግሞ የመብራት ምሰሶ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ያለ ነው ወይስ ቅርንጫፍ ይበዛዋል?»

ቨርሊን ጓንት ወደሚመርጡት ሁለት ሰዎች ዞር ብሎ አየ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ለእኔማ ምንም አያደርግልኝም።» ግንድ አቅፎ የሚወጣውን ባለ ሁለት ክፍል ማማ በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይኼ ቅርንጫፍ የሌለው ግንድ ይፈልጋል። አራት መቶ ዶላር ከፍለህ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጋ ስትደርስ ቁጭ ብለህ ታለቅሳለህ።»

«እሱስ?» አለ፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰፊ ቀበቶ እያመለከተ።

«በሱ ዛፉ ላይ ተንጠልጥለህ ነው የምትቀመጠው። ቀላል ነው፣ የትም ትወስደዋለህ። ግን ለመልመድ ወር ይፈጃል፣ ያንተ ጉልበት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ዋጋውም ከኪስህ በላይ ነው።»

«ኪሴን ማን ነገረሽ?»

«እጅህን ከኪስህ አላወጣህማ።»

የደረሰኝ ወረቀት ገልብጣ ከእርሳስ ጋር ሰጠችው። «አትንገረኝ። ሳልልኝ።»

ቨርሊን ከሰዎቹ በጀርባው ጋርዶ ዛፉን ሳለው። ዕድሜ የጠገበ የኦክ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት የሚከፈል። ኮሪን አየችው፤ እሱም ወዲያው ወረቀቱን ነጥቆ ኪሱ ከተተው።

«መሰላል ነው የሚያዋጣህ» አለች። «ከላይ ወንበር ያለው፣ መቶ ስልሳ። ከባድ ነው፤ አንዴ ከተተከለ ግን እንደ ቤትህ ደረጃ ትወጣዋለህ። መታጠቂያው አብሮት ነው። ይኼን ከላይ ዛፉ ላይ የሚታሰር ገመድ ደግሞ ትጨምራለህ፣ አርባ። መሬት ላይ ሳለህ ትታሰርበታለህ፣ መሬት ስትመለስ ትፈታዋለህ። ገመዱን አስቀሪው ካልከኝ መሰላሉንም አልሸጥልህም።»

«አንድ ሰው ይተክለዋል?»

«አይተክለውም። ሁለት ሰው፣ ቢቻል ሦስት።»

የቨርሊን ፊት ቅጭም አለ። ብቻውን ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው ዕቃዎች ሁሉ ከአቅሙ በላይ ናቸው፤ አቅሙ የሚችለው ደግሞ ሚስጥሩን ያስወጣዋል። ጎመን በጤና ብሎ ከፈለ።

የሰው ልጅ ግን ተነግሮት አይሰማም። በማግስቱ ብቻውን ሄዶ መሰላሉን ሊያቆም ሞከረ። ግማሽ ድረስ አነሳው፤ ከዚያ በላይ ክንዱ እምቢ አለው። መሰላሉ ዞሮ ከትከሻው አንድ ክንድ ርቆ ወደቀ። ቨርሊን ቅጠሉ ላይ ተቀመጠ። ልቡ እስኪመለስ ጠበቀና፣ መኪናውን አስነስቶ ወደ ወንድሙ ቤት ነዳ።

ኦርቪል ጋራዡ ውስጥ ቋሊማ ይሞላ ነበር።

«መሰላል የሚያቆምልኝ ሰው ቸግሮኛል።»

«ለቤት ጣሪያ ነው?»

«አይደለም።»

ኦርቪል ወንድሙን ትንሽ አየው። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ብርቱካናማ የአደን ኮፍያውን ደፋ፣ ተከተለው።

መኪናው ውስጥ ቨርሊን «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለ።

«ለማን? ለውሻዬ?»

መኪናውን አቁመው ገቡ። ኦርቪል ከፊት ይሄድ ነበር። ረግረጉ ጋ መንገዱ ሲከፈል ቨርሊን «ወደ…» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ኦርቪል ወደ ግራ ታጥፏል። የወደቀውን ዝግባ ዞረ፣ ጅረቱን በድንጋዮቹ ተሻገረ፣ ለሁለት የተከፈለው ኦክ ሥር ደርሶ ቆመ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ካወቅኩት አሥራ አንድ ዓመቴ።»

«አሥራ አንድ?»

«ልብ ድካም ከያዘህ ዓመት ጀምሮ። በየመክፈቻው፣ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ጉብታ ላይ እወጣለሁ። ብርቱካናማ ልብስህን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።»

ቨርሊን መሰላሉን አየ፤ ወንድሙን ማየት ከበደው። «አምናስ?»

«አምና ተንጠልጥለህ አየሁህ። እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቀኝ። ስደርስ ከፔርሙዝህ ቡና እየጠጣህ ነበር። ተመለስኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ዛፍ ትቀይር ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ ይቀይር ነበር። ቨርሊን ጎንበስ ብሎ መሰላሉን ያዘ። አንዱ የመሰላሉን እግር ረገጠ፣ አንዱ ጫፉን አነሳ፤ መሰላሉ ግንዱ ላይ ተደገፈ። ጠፍሩን አጠበቁት። ቨርሊን መታጠቂያውን ለብሶ፣ ገመዱ ላይ ታስሮ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ወረደ። መሰላሉ ንቅንቅ አላለም።

ሲጨርሱ ቨርሊን ከኪሱ የኮሪንን ወረቀት አወጣ። ከሥዕሉ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበረ።

«ያንተን ሳልልኝ» አለ።

«ምን ቁርጥ አድርጎኝ?»

«እኔም እኩለ ቀን ላይ ጉብታ ልውጣ።»

ኦርቪል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። መጀመሪያ ረግረጉን ሳለ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ደግሞ አግድም አግድም አጫጭር መስመሮች። ቨርሊን መስመሮቹን በጣቱ ቆጠራቸው።

«ጣውላ ነው?»

«ጣውላ ነው።»

«የመቼ?»

ኦርቪል እርሳሱን መለሰለት። «ካንተው ማማ ጋር አንድ ሰሞን የቸነከርኩት ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ኮሪን ጋ እንሄዳለን» አለ ቨርሊን፤ ወረቀቱንም አጥፎ ለወንድሙ ሰጠው።