ጾታ፦ ወንድ

የተወለድኩት አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። ልጆች ሳለን፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ስለሚሉ፣ «እናቴ መጣ» እያልን እናስመስላቸውና በሳቅ ፍርስ እንል ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሳያውቅ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር።

አሁን የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ነኝ። ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ማህጁብ የሚባል ገበሬ ከመንጌ ወረዳ ደወለ።

«ዐርዋ ሆዱ አመመው» አለኝ። «ደም ወጣ። መኪና ላክ ወንድሜ።»

አዲሱ ኮምፒውተር ቅጽ ያቀርብልናል፤ እኛ እንሞላለን፣ ማን ቀድሞ አምቡላንስ ያግኝ የሚለውን እሱ ይወስናል። ጥሪው በስንት ሰከንድ እንዳለቀም ይቆጥራል፤ እኔ ደግሞ በፍጥነት አንደኛ መባል እወዳለሁ። ዐርዋ የምትባል የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። ቢሆንም ጾታ የሚለው ላይ «ወንድ» ብዬ ነካሁ። ወንድ ሲባል የእርግዝናው ጥያቄ ራሱ ከቅጹ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ «ይጠብቅ» አለ። የወረዳዋ ብቸኛ አምቡላንስ እግሩ ወደ ተሰበረ ሰው ሄደች።

ዐርዋ የማህጁብ ሚስት ናት፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አምቡላንሷ የደረሰችላት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ደዋዩ የታማሚዋን ጾታ አሳስቶ በመግለጹ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ የቢሮ አማርኛ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሳምንት በአገልግሎታችን የመጪው አምስት ዓመት ዕቅድ ላይ ስብሰባ ነበረን። አለቃችን ወይዘሮ የሺሀረግ ረቂቁን አነበቡ። መኪኖቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ አለው፣ ተጨማሪ አምቡላንሶች አሉት። የበርታና የጉሙዝ ቋንቋ የሚችሉ ጥሪ ተቀባዮች ይቀጠሩ የሚለው ግን ተሰርዞ፣ በምትኩ «ኅብረተሰቡ ስለ አደዋወል ይማር» ተብሏል። ማስረጃው የኔ ሪፖርት ነው።

ማህጁብም ተጋብዞ ከኋላ ተቀምጧል። ተናገር ሲባል ተነሣ።

«ጥፋት የኔ ነው» አለ። «አማርኛ አበላሸሁ። የዐርዋ እናት፣ ምላስህ ልጅ ገደለ ይለኛል። ወላሂ፣ እውነት ነው። አሁን ከአስተማሪ ጋር እየተማርኩ ነው።» ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ ቆጠረልን፦ «ታመመች። ደማች። ወደቀች።»

ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡለት። ወይዘሮ የሺሀረግም «ጎበዝ» አሉት።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ይህንንም አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም። ሊቀመጥ ሲል ተነሣሁ።

«ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሴት ልትሆን እንደምትችል ገብቶኝ ነበር። ወንድ ነው ሴት ብሎ መጠየቅ ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አልጠየቅኩም። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ በሱ አላከክሁ።»

ወይዘሮ የሺሀረግ ረቂቁን ዘጉት። «ሙላው፣ ይህን በጽሑፍ ታቀርባለህ። ዕቅዱም እንደገና ይታያል» አሉ። ፊቴን አላዩም።

ስንወጣ ማህጁብ በር ላይ ጠበቀኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «ለነሱ ነገርክ» አለኝ። ከዚያ ቃሉን እየፈለገ፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ፣ «ዐርዋ ግን ቤት ናት። እሷ አልሰማችም። ለእሷ ንገራት» አለ።

አንዲት ቃል አልተሳሳተም። የመንጌ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቅሁት።