ለእናትዓለም የወጣው ልብስ

«ይቅርታ አድርጉልን፤ ድንኳን ተሳሳትሁ መሰለኝ» አለች ዓሣ ነጋዴዋ ሸጊቱ፣ አብረዋት የመጡትን ሴቶች ወደ ውጭ እየመለሰች።

ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ሲመጡ ገና ጀልባው ላይ እያሉ ነበር ማልቀስ የጀመሩት። ዓባይ ማዶ ሰፈር ደርሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ግን ወንበር ላይ የተዘረጋውን የሟች ልብስ አዩና እንባቸው ቀጥ አለ። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ እንኳ ግራጫ። የሟች ፎቶ ገና ከማተሚያ ቤት አልመጣም።

«አልተሳሳታችሁም፤ የእናቴ ለቅሶ ነው። ግቡ» አለች ሔራን።

በአገሩ ልማድ የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል። ልብሱን የመረጡት አክስቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው፤ እህታቸው እናትዓለም በመጨረሻ እንኳ እንደ ሰው እንድትታይ ፈልገው። በሕይወቷማ አልሰማ ብላ ኖራለች። ጥቁር ሰው ቢጫ አያምርበትም አሏት፤ ቢጫ ገዛች። ወፍራም ሰው አበባ ከለበሰ ቤት ያክላል አሏት፤ ሰሃን የሚያህል አበባ ያለበትን መረጠች። ጡረታ የወጣች ሴት ቀይ ጫማ አታደርግም ሲሏትም ቀይ ገዝታ አድርጋ ከፋሲሎ ሰፈር መጣችና ፊታቸው እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ይኼን ሕግ ያወጣው ሰውዬ እኔን መቼ አየኝና?» ትል ነበር።

እውነትም ያን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ውፍረቷን ያነሳ ሰው የለም። ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ስትቆም፣ ጀልባው ገና ሳይጠጋ እነሸጊቱ በስሟ ይጠሯታል።

ነጩን የለበሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሔራን ስትመረቅ፣ እህቷን ላለማስቀየም። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብላ ዋለች። ዘመድ ሁሉ «ዛሬ ገና አማረባት» አለ። ሔራን ግን ያመማት መስሏት ነበር።

ለቅሶው አልሞቀም። ሴቶቹ ቀሚሱን ያዩና አንገታቸውን ደፍተው ስለ ጀልባው መዘግየት ያወራሉ። ሔራን ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሏት አክስቷ በሹክሹክታ።

«ቢጫውን ላመጣ።»

«ተይ ልጄ! ሰው ምን ይላል? ሠርግ ቤት ነው እንዴ?»

«አክስቴ፣ ነገ ድንኳኑ ይፈርሳል። እስካሁን ለእናቴ ያለቀሰ ሰው አላየሁም፤ ለዚህ ቀሚስ ማን ያለቅሳል? እርስዎም አላለቀሱም።»

ሔራን ቤት ገብታ ባለ አበባውን ቢጫ ቀሚስ አመጣች፤ ነጩን አንስታ እሱን ወንበሩ ላይ ዘረጋችው።

«እናትዓለም!» ብላ ጮኸች ሸጊቱ። «ከሩቅ የምለይሽ፣ እናትዓለም!»

ድንኳኑ ባንዴ በለቅሶ ተናጋ። ሔራን እናቷ መሞቷን ያመነችው ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከተቀመጡበት ተነሡ። ቀሚሱን ሊያነሡት መስሏት ሔራን ወንበሩን አጥብቃ ያዘች። እሳቸው ግን የቀሚሱን ጫፍ አገላብጠው አዩና ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጠርዙ ተተርትሯል» አሉ። «ሰው ሁሉ እያየው። መርፌ አምጭልኝ፤ ቢጫ ክር አለ?»

«ያለው ጥቁር ነው።»

«ጥቁር አትወድም» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፤ ቢጫው ክር ተገዝቶ እስኪመጣም የተተረተረውን ጠርዝ በጣቶቻቸው ገጥመው ይዘው ቆዩ።