በምድጃው ሆድ ላይ የተጻፈው

ካንግ ዴማኦ የሚዘጉ ምግብ ቤቶችን ምድጃ እየገዛ ለሚከፈቱት መሸጥ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዤንግዡ ከተማ፣ ከሰሜኑ ቀለበት መንገድ ወዲያ ያለው ግቢው በምድጃ፣ በማቀዝቀዣና በሊጥ ማቡኪያ የተጨናነቀ ነው። «ዴማኦ በሠርጉም ቀን ይጭናል፣ በልቅሶውም ቀን ይጭናል» እያሉ የሚቀኑበት ያሙታል። እሱ ሐሜቱን እንደ ሙገሳ ነው የሚቆጥረው።

የሙያው ወግ አለ። ምድጃ ከመነቀሉ በፊት ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያበስልበታል፣ ገዢውም ቁጭ ብሎ ይበላል። ምድጃ ተርቦ ከቤት አይወጣም ይባላል። ዴማኦ እንደዚህ ስንት የስንብት ሳህን እንደበላ ራሱም አያውቀው። ባለቤቱ እንባውን እየዋጠ ሲያቀርብለት ቀና ብሎ ፊቱን አያየውም፤ ሳህኑን ባዶ ካደረገ በኋላ ነው ቀና የሚለው። ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ሰውየው ካንገራገረ ሁልጊዜ የምትመዘዝ አንዲት ቃል አለችው፤ «ወንድሜ፣ የዛሬው ዋጋዬ ነገ ይናፍቅሃል።» በመጨረሻ ምድጃው በጎኑ ይጋደምና ባለቤቱ በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም፣ ከሆዱ ሥር የሰፈሩን ስምና ሱቁ የቆየበትን ጊዜ ይጽፋል። ገዢ እሳቱን አይቶ ነው የሚከፍል፤ ምድጃ ገልብጦ የሚያይ የለም።

ድሮ በሳምንት ሦስት ሱቅ ተዘግቶ አራት ይከፈት ነበር። ዘንድሮ አሥር ተዘግቶ ሁለት ከተከፈተ እሰየው ነው። በምሥራቅ በኩል የሕንፃ ማንሻዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ ከቆሙም ሁለት ዓመት አለፋቸው። የግንባታ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲገባ የሚያበላው ቤት ተዘጋ፤ ሠርግ ሲቀንስ የሠርጉ አዳራሽ ተከተለ። የዴማኦ ግቢ ሞልቶ ምድጃ በምድጃ ላይ ተደረበ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። «ሰው መብላት አይተው» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልጁ ሩዪን ከሃንግዡ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ስምንት ዓመት ቤት ስትሸጥ የኖረችበት የቤት ሠሪ ኩባንያ አራት መቶ ሰው ሲቀንስ እሷም አንዷ ሆነች። የስንብት ክፍያዋ ዘጠና ሺህ ዩዋን ነው፤ ከዚያ ሌላ ጥሪት የላትም። ለቅሶም ትካዜም አላመጣችም። በመጣች በሦስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አለችና ባለ ሁለት እሳቱን ትልቁን ምድጃ በጣቷ አሳየችው።

«አባዬ፣ ይህን ሽጥልኝ።»

«የት ልትተክይው?»

«ሆስፒታሉ የኋላ በር። የጠዋት ሾርባ፣ ሁላታንግ፣ በርበሬው አፍንጫ የሚከፍት። ከተጠበሰ ሊጥ ጋር። አስታማሚ ሌሊቱን ሲያድር ጠዋት ትኩስ ነገር አያገኝም።»

«ልትከራዪ ነዋ! የራስሽ ሱቅ እያለ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ዴማኦ ከስድስት ዓመት በፊት የሃያ ዓመት ላቡን አንድ ላይ አፍስሶ በምሥራቁ አዲስ ሰፈር፣ ባለ ሠላሳ ሦስት ፎቅ ሕንፃዎች ሥር አንድ ሱቅ ገዝቷል። ለሩዪን ብሎ ነው የገዛው። ዛሬ ደላላው የሚሰጠው የገዛበትን ግማሽ ነው፤ ዴማኦም በስልኩ እየጮኸበት «ይመለሳል!» ይለዋል።

«እዚያ ሰው የለም አባዬ።»

«አራት ሺህ ቤት ተሸጦ እንዴት ነው ሰው የሌለው?»

«መሸጥና መኖር አንድ መሰለህ? እኔ እኮ ነኝ ስሸጥ የኖርኩት። ግማሹ ገዢ ዋጋ ሲወጣ ልሸጠው ብሎ ነው የገዛው፣ እንዳንተው። ዋጋው አልወጣም፣ ቁልፉም አልዞረም። ታዲያ ማን መጥቶ ይበላልኛል?»

«ሱቅን የሚዘጋው አብሳዩ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም! ይህን ያህል ዘመን ያየሁትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ሩዪን ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና በጀርባዋ ተኝታ ምድጃው ሥር ገባች። ከውጭ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ሆነ።

«ምሥራቅ አዲስ ሰፈር፣ አምስት ወር» እያለች ማንበብ ጀመረች። «ምሥራቅ አዲስ ሰፈር፣ ሰባት ወር። ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ስድስት ዓመት፤ እሰይ፣ እኚህ ሰው ኖረዋል። ምሥራቅ አዲስ ሰፈር፣ አራት ወር...» ስትጨርስ ከታች ሆና ጮኸች። «ሰባት ጽሑፍ ነው ያለው። አምስቱ ካንተ ሱቅ ደጃፍ ናቸው። አምስቱም አብሳዮች ሙያ ጠፋባቸው?»

ዴማኦ ሰባቱንም ሰዎች ያውቃቸዋል። ሲጽፉ ቀለሙን የያዘላቸው እሱ ነው። አምስቱን አንድ ላይ ደምሮ ግን አያውቅም፤ የእያንዳንዱን ሳህን ለየብቻው በልቶ ለየብቻው ረስቷል። ልጅቱ ስትደምራቸው ጆሮው ጋለ፤ የጋለ ጆሮ ደግሞ አይሰማም።

«በይ ተነሺ ከዚያ! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«እኔ የምሸጠው ቁርስ ነው» አለች፣ ልብሷን እያራገፈች።

በዚያው ቁጣው ማለ። ከእሱ ግቢ ለሆስፒታል በር የሚወጣ ምድጃ የለም አለ። ሱቁን እሱ ራሱ ይከፍተዋል፤ ያንኑ ምድጃ ተክሎ፣ እጁ የሚያውቀውን የበግ ሾርባ ባለ ኑድል ሠርቶ፣ ለልጅቱ ያሳያታል። ያን ጊዜ ዘጠና ሺህ ዩዋኗን ይዛ እየሮጠች ትመጣለች። ሚስቱ ሱዌን ከበሩ ላይ ሆና ሰማችውና ሳቀች።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር» አለች። «ለካ የኔ ባል ኖሯል።»

ሱቁ በርችት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን የሕንፃው ዘበኛ፣ ሁለት ቀለም ቀቢዎችና ግማሹን ዋጋ የሚያቀርበው ደላላ መጥተው በሉ። በሁለተኛው ቀን ዘበኛው ብቻውን መጣ። ዴማኦ ኑድሉን ሲጎትት እጁ አይታማም፤ የበጉ መረቅም ነጭ ሆኖ የሚወጣ፣ ከንፈር የሚያጣብቅ ነው። የበላው ሁሉ ያመሰግናል፤ ችግሩ የሚበላው ሰው ነው። አመሻሽ ላይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከፊቱ ያለውን ሕንፃ መስኮት ይቆጥራል። ከሠላሳ ሦስቱ ፎቅ ላይ አሥራ አራት መስኮት ይበራል። በሃያኛው ቀን ሲቆጥር አሥራ ሁለት ሆኗል።

የተረፈውን መረቅ በባልዲ ይዞ ቤት ሲገባ ሱዌን ክዳኑን ታነሳና ታየዋለች።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

«ማን አለቀሰ?»

«መረቁ ነዋ። ልጅህ ሆስፒታሉ በር ላይ ድስት አንሷት ሰው ትመልሳለች፣ አንተ ባልዲ ሙሉ ታመጣለህ። በሁለት የቤት ምድጃ እኮ ነው የምትሠራው! ያን ምድጃ ስጣት፣ አንተ ሰውዬ።»

«ምድጃው ሥራ ላይ ነው» አለ ዴማኦ።

በአርባ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ መኪናውን አዞረ። ለምን እንዳዞረ ለራሱ አልነገረውም። ከሆስፒታሉ የኋላ በር ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሞ አየ። ካፖርት ከላይ የደረቡ ባለ ፒጃማዎች፣ ፔርሙስ የያዙ አሮጊቶች፣ ከአዳር የወጡ ነርሶች ተሰልፈዋል። ሩዪን ፀጉሯን በሻሽ አስራ በጭልፋ ትቀዳለች፣ ትሳደባለች፣ ትስቃለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድስቱን አዘንብላ አሳየቻቸው፤ አልቋል። ሃያ ያህል ሰው ባዶ ፔርሙሱን ይዞ ተመለሰ። ዴማኦ በልጁ ኮራ። በዚያው ቅጽበት አፈረ፤ ምክንያቱም እነዚያን ሃያ ሰዎች ባዶ እጃቸውን የመለሳቸው እሱ ነው። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ከለለው።

በማግስቱ የሱቁን ስም ከበሩ ላይ አወረደ። በወጉ ሰው የራሱን ምድጃ ራሱ አይነቅልም፤ ሌላ ገዢ መጥራት አለበት። ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ አሰበና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሱዌን ግን ጠርታ ኖሯል። ስድስት ሰዓት ላይ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። መኪናው የራሱ ነው። ከመሪው ላይ የወረደችው፣ የእሱን የቆዳ ጓንት ያጠለቀችው ሩዪን ናት።

«ጌታው» አለች፣ ኮስተር ብላ። «የሚሸጥ ምድጃ አለዎት ተብዬ ነው የመጣሁ።»

ሊስቅ ፈለገ፣ ሳቁ አልመጣም። «አለ» አላት። «ይቀመጡ፣ ይብሉ።»

ሊጡን ጎተተ፣ በጉን ከተፈ፣ እሳቱን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍ አደረገ። ሳህኑን አቀረበላት። ሩዪን አንገቷን ደፍታ በላች። ፊቱን አላየችውም፤ እሱም ከእንፋሎቱ በላይ የሚያየው የፀጉሯን ክፋይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንባው መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ የሚበላው ለንግድ ብልሃት ይመስለው ነበር። አሁን በእሱ ላይ ሲሆን ነው የገባው፤ ሰውየው የሚያየው ሳይኖር እንዲያለቅስ ነው። ባገጩ የወረደውን በእጅጌው ጠረገ፤ ልጅቱም የመረቁን የመጨረሻ ጠብታ ጠጥታ ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ቀና አለች።

«አራት ሺህ» አለች።

«ስድስት ነው።»

«ጌታው፣ የዛሬው ዋጋዬ ነገ ይናፍቅዎታል።»

ዴማኦ ሳቀ፣ ዓይኑ እንደረጠበ። «አንቺ ባለጌ! ከማን ተማርሽው?»

«አባዬ» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ሱቁንም ማለቴ ነው።»

ዴማኦ ማዶ ያለውን ሕንፃ አየ፤ በቀትር ፀሐይ መስኮቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚኖርበትና የማይኖርበት አይለይም።

«ሃያ ዓመቴ ነው እኮ፣ ሩዪን።»

«አውቃለሁ። ግን ግማሹ ይተርፍሃል። እዚህ ምድጃ ሥር የጻፉት አምስቱ ምን ተረፋቸው? እኔ የስንብቴን ገንዘብ እዚህ ብቀብረው ምን ይተርፈን ነበር?»

ስልኩን አወጣና ለደላላው ደወለ። አልጮኸበትም። «እሺ፣ ባልከው ዋጋ» አለው፣ ሌላ ነገርም አልጨመረ። ሲዘጋው ትከሻው ላይ ሆኖ የኖረ አንድ ከባድ ነገር የወረደለት መሰለው።

ምድጃውን አብረው በጎኑ አጋደሙት። ሩዪን የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ ብሩሹን ሰጠችው። ዴማኦ ተንበርክኮ ሰባቱን ጽሑፎች በቀስታ አነበባቸው። አንዱ በሌላው ላይ ተጠጋግቶ ሆዱን ሞልቶታል፤ የቀረው ከጥግ ያለች መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። እዚያች ላይ «ምሥራቅ አዲስ ሰፈር፣ አርባ ሰባት ቀን» ብሎ ጻፈ። ከሁሉም አጭሩ የእሱ ነው።

ሩዪን አጎንብሳ አየችው።

«አባዬ፣ ቦታ አለቀ እኮ።»

«አልቋል።»

«እንግዲህ ሌላ የሚጻፍበት የለም። መዝጋት አይቻልም ማለት ነው።»

ዴማኦ የቀለሙን ክዳን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ከደነ፣ ምድጃውንም በአንድ ጫፍ ያዘ። «ያዢ በዚያ በኩል» አላት። «ነገ በስንት ሰዓት ነው እሳት የምትለኩሺው?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል። ደሞዝ የለም።»

«ቁርስስ?»

«ተሰልፈህ።»