ከመርከብ የወረደው ጋረደው

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሰውን አሟጦ ወደ ሱዳን ባሰደደ በዓመቱ፣ ሰኔ ሲገባ፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር የወንዶቹ ወሬ ሁሉ ስለ እርሻ ሆነ። መሬታቸው ጦም እንዳያድር ብዙዎቹ ሊመለሱ ተነሡ። የአርማጭሆው ሽማግሌ የጋረደው ልጅ፣ እንግዳው የሚባለውም፣ ለመሄድ ቆረጠ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሣህሊቱን ግን፣ «አንቺ ከአባባ ጋር እዚሁ ቆዪ» አላት።

ሣህሊቱ ጎጆው ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ጋረደው ምራቱን ሊያጽናና አጠገቧ አረፍ አለ። በጎልማሳነቱ ምጽዋ ወርዶ በጣሊያን የጦር መርከብ ላይ አገልግሏል። ያን ዘመን እምብዛም አያነሳውም፤ ያን ቀን ግን ስለ አዛዡ፣ ጣሊያኖቹ ተኔንቴ ስለሚሉት መቶ አለቃ፣ ስለ ብሩኖ አጫወታት።

ተኔንቴው ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የዘመተው በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ከማቀዝቀዣው ያመለጠ መርዘኛ አየር ውስጡን አፍኖ ጓደኞቹን ሲፈጅ እሱ ሳል ተክሎበት ተረፈ። ከዚያ ጋረደው የሚያገለግልባትን ትንሽ መርከብ ሰጡት፤ በጨለማ እየወጣ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ሲያደባ ከረመ። በመጨረሻ እንግሊዝ ከረንን ይዞ ወደ ምጽዋ ሲገሰግስ፣ ወጥታችሁ ግጠሙ፣ መመለስ የለም የሚል ትእዛዝ መጣ።

«ያን ለት አሰለፈንና ያገሬውን ሰው በሙሉ ውረዱ አለ» አለ ጋረደው። «ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይኔን እንኳ ሳያይ 'ውረድ!' አለኝ። መርከቧ ስትርቅ ወደቡ ላይ ቆሜ፣ ናቀኝ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ የእንግሊዝ አውሮፕላን አግኝቶ መታት፤ እሱም አብሯት ሰጠመ። አየሽ ልጄ፣ ሰው ትቶሽ የሚሄደው ስለጠላሽ ብቻ አይደለም።»

ሣህሊቱ ዞር አለች። «አባባ፣ ያስለቀሰዎ መውረድዎ ነው ወይስ ምክንያቱን ሳይነግርዎ መሄዱ?»

ጋረደው ከአርባ ዓመት በላይ ያን ሰው አንዴ ሲያመሰግን አንዴ ሲያማ ኖሯል፤ ነገሩን እንዲህ ለይቶ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

«ቢነግረኝ ምናልባት አልወርድም ብዬ አስቸግረው ነበር» አለ። «ብወርድም ግን ተሰናብቼው እወርድ ነበር።»

በትሩን ተመርኩዞ ወጣ። እንግዳው ደጅ ላይ ዘሩን በጆንያ ይቋጥራል።

«ሚስትህን አላናገርካትም።»

«ነገርኳት እኮ፣ አባባ!»

«ያዘዝካትን አይደለም የምልህ። የፈራኸውን ንገራት።»

እንግዳው ጆንያውን ትቶ ገባ። አጠገቧ ቁጭ አለና፣ «የመጀመሪያ ልጃችንን መንገድ ላይ ቀበርኩ» አላት። «ይህንንም በእጄ ልቀብር አልችልም።»

«እኔስ ሌት ተቀን የማስበው እሱን አይደል?» አለች ሣህሊቱ፤ ልጁ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሲያለቅሱም ሲመክሩም ቆዩ። በኋላ እስክትወልድ እንደምትቆይ እሷው ራሷ ተናገረች፤ መኸሩ ሲደርስ መጥቶ እንዲወስዳት ግን አስማለችው።

በኅዳር እንግዳው በማለው መሠረት ሊወስዳቸው ከስቶ፣ ፀሐይ አክስሎት መጣ። ሣህሊቱ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኗ የማታውቀው ሰው ሲያቅፋት ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው፤ እሱም እንዴት እንደሚይዛት ግራ ገብቶት ቆመ።