አንድ ዓይነት ጠርሙሶች

ሙጫው ገና ትኩስ ነበርና ጣቱን ለበለበው። ዱቄት በውሃ አብስሎ፣ እንዳይሻግት ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጎበት ራሱ የሠራው ነው። “ጨው” የሚለውን ወረቀት የማርማላታ ጠርሙሱ ሆድ ላይ ለጠፈና በአውራ ጣቱ ከመሃል ወደ ዳር ጠረገው። ከዚያ “ስኳር” የሚለውን አነሣ። ሴት ልጁ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች። ሦስት ተኩል አልፏል።

“ምን እየሠራህ ነው?” አለችው ሚስቱ። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሎሚ ልጣጭ በቢላ ትከትፋለች።

“ቤት እያደራጀሁ።”

“የማንን ቤት?”

“የኛን ነዋ፤ የማንን ኖሯል?”

“ደግ አደረግህ” አለችና ወደ ልጣጯ ተመለሰች።

ዛሬ ይህን ስትጠይቀው አራተኛ ጊዜዋ ነው። አራቱንም ጊዜ እንደ መጀመሪያው አድርጎ መልሶላታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነበር። ከትልቁ የማሽን ጎማ እስከ ትንሿ ብሎን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መደርደሪያ፣ የራሱ ካርድ ነበረው። ዕቃ ጠፋ ተብሎ ሰው ሲሯሯጥ ካየ ከወንበሩ ሳይነሣ “ቦታው የት ነው?” ይላል፤ ባልደረቦቹም በዚሁ ይጠሩት ጀመር። ቦታው-የት-ነው መጣ፣ ቦታው-የት-ነው ሄደ። ጡረታ በወጣ ዕለት ንግግር ያደረገው ሰው እንኳ ስሙ ጠፍቶበት በቅጽል ስሙ ነው ያመሰገነው።

ሚስቱ መርሳት ስትጀምርም ነገሩን ያየው በዚያው ዓይን ነው። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሳች። ቀጥሎ የእህቷን ስም። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ ከቤት ወጣችና ሁለት ሰፈር አልፋ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆማ ተገኘች። ያን ዕለት ልጃቸው አልቅሳ ስታበቃ ቁርጡን ተናገረች።

“እኔ ጋ ትሁን። ቀን ቀን የምትጠብቃት ሴት እፈልጋለሁ። ብቻህን አትችላትም አባዬ።”

“እዚህ እኮ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሄደው። አንቺ ጋ የሽንት ቤቱንም በር አታውቀውም።”

“እዚህስ ታውቀዋለች?”

“ታውቀዋለች። ሦስት ሳምንት ስጪኝ።”

የልጁ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። እናቷ እዚያ ብትሄድ ከልጅ ልጇ ጋር አንድ አልጋ ትጋራለች፤ ለእሱ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ይህን ሁለቱም አላነሡትም። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ልጁ ትመጣለች፤ እናቷ ራሷን ችላ ትንሽ ትንሹን የቤት ነገር ስትሠራ ካየች እዚሁ ትቀራለች፤ ካልሆነ ይዛት ትሄዳለች። እሱም ቃሉን ሰጠ።

ሦስቱን ሳምንት ሳያርፍ ሠራ። ከዳቦ ቤቱ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ለምኖ አመጣ፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ክዳናቸውም አንድ ዓይነት ነጭ። የጫማ ካርቶን እየቆረጠ መሳቢያውን ከፋፈለ። የአሮጌ ሸሚዞቹን እጅጌ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ኪስ ኪስ አድርጎ ሰፋለትና ከበር ጀርባ ሰቀለው፤ አንዱ ለጨርቅ፣ አንዱ ለገመድ፣ አንዱ ለሻማ።

የጽዳቱን ነገር ግን ከእሷ መማር ነበረበት። የሱቅ መድኃኒት ሽታ ስለሚያስላት ዕድሜዋን ሙሉ ማጽጃ ገዝታ አታውቅም። መስተዋቱ በአቼቶ፣ የዕቃ ማጠቢያው በቤኪንግ ሶዳ፣ የድስቱ ቂጥ በተነፋ አመድ ይጸዳል። አቼቶ ውስጥ የተዘፈዘፈ የሎሚ ልጣጭ ለወለሉ ነው። እሷ ስትሠራ እሱ ደብተር ይዞ አጠገቧ ይቆማል።

“ስንት ቀን ነው የሚዘፈዘፈው?”

“እስኪበቃው።”

“እስኪበቃው ማለት ስንት ቀን?”

“ሲበቃው ይሸታላ። አፍንጫህን ለሰው አውሰኸዋል?”

“አሥራ አራት ቀን” ብሎ ጻፈ።

ስሙ የጠፋባትን ነገር እጇ ያውቀዋል። ይህን ባየ ቁጥር ተስፋው ይጨምራል፤ የጎደለው የቤቱ ሥርዓት ብቻ ይመስለው ነበር።

የቤቱ ሥርዓት ማጣት የአርባ ዓመት ቀልዳቸው ነው። ስኳሩ ጎኑ በተጨረማመተ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጨው እጀታው በወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ መቀስ ፍራሽ ሥር። “ይህ ቤት ነው ወይስ የተገለበጠ ጋሪ?” ይላት ነበር። “ቢገለበጥም አንተን ተሸክሞ ነው” ትለዋለች። አሁን የሚገለበጠውን ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው። ጣሳውን፣ ማንቆርቆሪያውንና አንድ ጆንያ ሙሉ ግሳንግስ ለብረታ ብረት ለቃሚው ሰጠ።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊው እጅጌዎቹን ይዞ ሲመጣ ኩሽናውን አይቶ ሳቀ።

“ጋሼ፣ ለእኔም አንድ ወረቀት ይለጥፉብኝ። ጠዋት ስነሣ ማን እንደሆንኩ ይጠፋብኛል።”

“አንተ ላይማ የሚለጠፈው ‘ከአገልግሎት ውጪ’ የሚል ነው።”

ልብስ ሰፊው ስቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትዬ ግን አሁንም ያነብባሉ?”

“ከእኔ ይልቅ ጋዜጣ አንባቢዋ እሷ አልነበረችም እንዴ?” አለው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ልጁ ከአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ደረሰች። ሥራዋ ጥርስ ሐኪም ቤት ሕመምተኛ መቀበል ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ ፈገግ ብላ ስለምትውል ቅዳሜ ፊቷ ደክሞት ይታያል። በሩ ላይ ቆማ ኩሽናውን ቃኘች። ጠርሙሶቹ በአራት ረድፍ ተሰልፈዋል። ወለሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

“አባዬ፣ ፋርማሲ ከፈትክ እንዴ?”

“ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ገልጠሽ እይው።”

“ከስተሻል” አለች እናቷ ትክ ብላ እያየቻት። “ባልሽ አያበላሽም?”

“ኧረ እሱ እኮ የእኔንም ድርሻ ነው የሚበላው።”

ሦስቱም ሳቁ። የአባትየው ትከሻ ከጠዋት ጀምሮ ተወጥሮ ከቆየበት ትንሽ ወረደ።

“እማዬ፣ እስቲ ሻይ አፍይልኝ” አለች ልጅቱ። ይህን ስትል ያየችው አባቷን ነበር። ፈተናው እንደተጀመረ ገባውና እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ከተታቸው።

ሚስቱ ተነሣች። ጀበናም ሆነ ብረት ድስት ሳታምታታ ትንሿን ማፍያ አነሣች፤ ውሃ ለካች፤ ምድጃውን ለኮሰች። ውሃው እስኪፈላ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በመዳፏ ጠርጋ ሰበሰበች። የሻይ ቅጠሉን ሁለት ክዳን ከፍታ በአፍንጫዋ አገኘችው። እሱ ልጁን ሰረቅ አድርጎ አያት። ልጁም ፊቷ እየተፈታ ነበር።

ከዚያ እጇ ለስኳር ተዘረጋ።

ወደ ጠርሙሶቹ አልነበረም የተዘረጋው። ከመስኮቱ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ ነው የገባው። እሷ የምታየው ማፍያውን ነው፤ እጇ ብቻውን ሄደ። እዚያ ምንም አልነበረም። እጁ ባዶውን ሳንቃ ዳበሰ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ እንደገና ዳበሰ። ሚስቱ ዞር ብላ የገዛ እጇን አየችው።

“ከላይ ሦ...”

“አባዬ፣ ዝም በል” አለች ልጁ ቀስ ብላ።

ሚስቱ ወደ መደርደሪያው ቀና አለች። ዓይኗ በሠላሳ ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ነጭ ግድግዳ ላይ እንደሚሄድ ሄደ። አንዱም ጋ አልቆመም። ጨውም ነጭ ነው፤ ስኳርም፣ ሶዳም፣ ዱቄትም። አንዱን አወረደች፤ ወረቀቱ ፊት ለፊቷ ነበር። “ቤኪንግ ሶዳ” ይላል፤ በእሱ በራሱ ያማረ የእጅ ጽሑፍ። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨመረች። ሻዩ ተንተክትኮ ጠቆረ።

ልጅቱ አንድ ጊዜ ፉት አለች። ዋጠችው።

“እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው እማዬ።”

“ስኳር አሳንሼብሽ እንዳይሆን።”

“ልኩ ነው።”

እሱ የራሱን አነሣና ግጥም አድርጎ ጨረሰው። ምላሱ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሚስቱ በደስታ አየችው፤ “ጠምቶህ ኖሯል” አለችው።

ልጅቱ አባቷን ወደ መኝታ ክፍሉ ተከትሏት እንዲገባ በዓይኗ ጠራችው። በሩን ገርበብ አደረገችው።

“ባለፈው ወር ስመጣ ሻይ አፍልታልኝ ነበር። ማንም ሳይነግራት። ስኳሩም ልኩ ነበር።”

“ያን ጊዜ ይሻላት ነበራ።”

“አንድ ወር አይሞላም አባዬ።” አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “ያ የተጨረማመተው ጣሳ የት ገባ?”

ወደ ኩሽናው በር አየ።

“ጣልከው?”

“ሰጠሁት።”

“ማንቆርቆሪያውንም?”

“ሁሉንም።”

ልጁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ስታነሣው ዓይኗ ደረቅ ነበር። “ለመርዳት ብለህ ነው።”

“አታባብዪኝ።”

“አላባበልኩህም። እኔም እኮ ስገባ አምሮ ታይቶኝ ነበር።”

“ብመልሰውስ? ጣሳ አይጠፋም። ጎኑን በመዶሻ ብንጨረምተው...”

“ሌላውስ? ምኑ የት እንደነበር ታውቃለህ?”

ግድግዳውን ተደገፈ። አዲስ የመጋዘን ኃላፊ ሲመደብ መጀመሪያ የሚነገረው ርክክብ ሳይደረግ አንድም ዕቃ እንዳይነቃነቅ ነው። ነባሩ ቦታ ቦታውን እያሳየ፣ አዲሱ እየጻፈ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። እሱ ራሱ ይህን ለስንት ጎረምሳ አስተምሯል፤ ሳይረከብ የገባውን አንዱን አባሮታል። የሚስቱን ቤት ግን ዘው ብሎ ገባበት። ደብተሩን አርባ ገጽ ሲሞላ የጻፈው ሁሉ አዲሱን ቦታ ነው። አሮጌውን አንድ መስመር አልጻፈም። ከአእምሮዬ ላውጣው ቢልም አልነበረም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስኳሩ የት እንዳለ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ሻዩ ጣፍጦ ነበር የሚመጣለት።

“አላውቅም” አለ።

“እሷም አትነግረንም” አለች ልጁ። “የምታውቀው እጇ ነበር።”

ከኩሽናው የሚፈስ የቧንቧ ውሃና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም አዳመጡ።

“የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ብዙ ልብስ አታሰናዳ፤ የምታውቃቸውን ብቻ። የለመደችውን ሹራብ። አሮጌውን ነጠላ ጫማ።” “ቃል ተገባብተናል አባዬ።”

“ቃሌ ቃል ነው።”

“አንተም እሑድ እሑድ...”

“እመጣለሁ። ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች።”

ልጁ ስትወጣ እናቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። እናትየው ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። “አይዞሽ፣ ምን ሆነሽ ነው? ያለፈው ሁሉ ያልፋል” አለቻት፤ ከዚያ ሐሳቡ አላጠግብ ብሏት ይሁን ወይም ጠፍቷት፣ “አይደለም?” ብላ ጠየቀች። ልጅቱ አዎ አለችና ደረጃውን ወረደች። የጫማዋ ድምፅ ከታች እስኪጠፋ ድረስ እሱ በሩን አልዘጋውም።

ኩሽና ሲመለስ ሚስቱ መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። የማጠቢያውን ጨርቅ ይዛ የት እንደምታኖረው ትፈልጋለች፤ ከበር ጀርባ የተሰቀለውን ኪስ ሁለት ጊዜ አልፋው ሄደች። ቦታውን ሊያሳያት ብሎ ተወው። ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ ወንበር ላይ ጣለው። ከመደርደሪያው ስኳሩን አወረደ።

“ይህን የት ላድርግልሽ?”

“እኔን ነው የምትጠይቀኝ?”

“አንቺን ነው። የት ይሁን?”

ተቀበለችው። ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ እጇ ትንሽ ከፍ አለና አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው። ያልቆመችበት ጥግ አልነበረም። በየጥጉ ትንሽ ታስብና ራሷን ትነቀንቃለች። እሱ ከኋላዋ ይከተላል። ሦስት ዙር ዞሩ። በመጨረሻ ደከማትና እሱን ወንበር ላይ እንዲቀመጥ በእጇ ገፋ አደረገችው፤ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አኖረችለት።

“አንተ ያዝልኝ” አለች። “ቦታው እስኪመጣልኝ።”

ወደ ልጣጯ ተመለሰችና ቢላዋን አነሣች። መደርደሪያው ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበታል፤ ከላይ በሦስተኛው ረድፍ የስኳሩ ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ጠርሙሱን ሊመልስ አነሣው። ከዚያ መልሶ ጭኑ ላይ አደረገና በሁለት እጁ ያዘው።