ለእንግዳ የሚባል

«ተርን አፕ!» አሉ ጋሽ ዓብዱልመጂድ።

ሃምሳ አለቃ ጣሰው የፋኖሱን ክር ከፍ አደረገ።

«ተርን ዳውን! ፑት አውት! ሃሪ አፕ፣ ሃሪ አፕ!»

ክሩን ዝቅ አደረገና ብርጭቆውን አንስቶ እፍ አለበት። ነጌሌ ላይ ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፤ ፋኖሱ በጠራራ የተለኮሰው እንዲጠፋ ብቻ ነበር። ስኳር ልትገዛ ደጃፉ ላይ የቆመች ሴት ሁለቱን ሰዎች እያየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ለጣሰው ግን ዛሬ የሚስቅበትን ሰው የሚቆጥርበት ቀን አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጦር ሰፈሩ ውስጥ አሜሪካዊ ሻለቃ ፊት ይቀርባል። ካለፈ ለሬዲዮ ጥገና ትምህርት ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ ከወደቀ ተመልሶ ወደ ድንበር ኬላ ነው። አምና ወድቋል። ሁለት ጊዜ የወደቀን ለሦስተኛ የሚጠራው የለም።

የአምናው ውድቀት እስከ ዛሬ ግራ ያጋባዋል። ጣሰው መዝገበ ቃላት ይዞ የሚያድር ሰው ነው። «ፑት» ማስቀመጥ፣ «አፕ» ላይ፣ «ዊዝ» ደግሞ ጋር ማለት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ሦስቱ ተያይዘው ሲመጡ መታገሥ ማለት ናቸው ሲሉት ግን ያፌዙበት መሰለው። ትዕግሥቱ የቱ ጋ ነው ያለው? ማስቀመጡ ላይ ነው፣ ወይስ ጋር የሚለው ውስጥ? «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ጠጋ ሲልበት ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። ሰውየው ምን ሰጥቶ ነው ተስፋ የሚቆርጠው? በደብተሩ ለአንዲት «ጌት» ብቻ ሁለት ገጽ ሰጣት፤ አልበቃትም። እነዚያ ጥቃቅን ቃላት ከኋላው ሲለጠፉበት፣ አብሮት የኖረው ግስ በአንድ ጊዜ ባዕድ ይሆንበታል። የተማሪ ቤቱን መምህር ገብረአምላክን ሲጠይቀው «ይሄ የመንገድ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ አጽናናው። መጣ። አምና የመጣው ፈታኝ ከመንገዱ እንግሊዝኛ ሌላ የሚናገረው ነገር አልነበረውም።

ጋሽ ዓብዱልመጂድን ያገኛቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ባትሪ ሊገዛ ሱቃቸው ሲገባ፣ ሽማግሌው የጨው ከረጢት የምትልስ ፍየል «ክሊር አውት!» ብለው ሲያባርሩ ሰማ። ፍየሏም ገብቷት ወጣች። ሽማግሌው ከጣልያን በፊት ጀምሮ፣ ሞያሌ ማዶ፣ በአንድ የእንግሊዝ ሹም ቤት ወጥ ቤት ሆነው ዐሥራ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ማንበብ አይችሉም። ሰዋስው የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው ጣሰው ነው፤ እሳቸውም ከልባቸው አዘኑለት።

«ታዲያ እንዴት ለመዱት?» ብሏቸው ነበር ያን ጊዜ።

«ገብቶኝ አይደለም የሠራሁት» አሉት። «ሠርቼ ነው የገባኝ። ካልሠራሁ፣ ጣሰው፣ ጫማ ይወረወርብኝ ነበር።»

ሲያስተምሩትም እንደዚያው ነው። አያስረዱም፤ ያዝዛሉ። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ድምፃቸው የጌታቸው ነው፣ ቁጡና ችኩል። አንገታቸው ግን ትከሻቸው ውስጥ ይቀበራል። «ቴክ አወይ!» ብለው ይጮኹና፣ ጣሰው ብርጭቆውን ሳያነሣ የገዛ እጃቸው ሊያነሣው ይንቀሳቀሳል። ጣሰው ይህን ባየ ቁጥር ቅር ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ለራሱም አይገባውም። ለጓደኞቹ ስኳር ልገዛ ነው እያለ ነበር ከሰፈር የሚወጣው። ሃምሳ አለቃ ከወጥ ቤት ሎሌ ተማረ ከተባለ የሚሳቅበትን ሳቅ ያውቀዋል። ለአዛዡ ለሻምበሉማ ጭራሽ «የማጠናው ከመጽሐፍ ነው» ብሎ ነግሮታል።

«በቃህ፤ ናጋን ጋሊ» አሉት ሽማግሌው፣ ፋኖሱን ወደ መደርደሪያው እየመለሱ። በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። ጣሰው እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሻለቃው ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላበት ወጣት ሰው ነበር። ከአጠገቡ ሻምበል ሸዋንግዛው ተቀምጧል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር ነበረ፤ ጣሰው ግን ቆሞ መፈተኑን መረጠ። ሻለቃው ሬዲዮው በረሃ ላይ «ብሬክ ዳውን» ቢያደርግ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። መጀመሪያ የአምናው ጉም ተመለሰ። ብሬክ መስበር፣ ዳውን ታች። ማን ነው ታች የሰበረው? ከዚያ የሽማግሌው የገዛ ወሬ ትዝ አለው፤ የጌታቸው መኪና ሜጋ መንገድ ላይ ተበላሽታ ቆማ፣ እሳቸው ከኋላ ሲገፉ፣ እንግሊዙ ይህንኑ ቃል እየደጋገመ ሲራገም። እጁ ካፉ ቀደመ። በሌለ ሬዲዮ ላይ አጠፋ፣ ባትሪ አወጣ፣ ጠረገ፣ አስገባ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። አፉም እጁን ተከትሎ ሁሉንም በየስሙ ጠራው። «ተርን ኦፍ! ቴክ አውት! ፑት ባክ!» ጮኾ ኖሯል፤ ሻምበሉ ሳያስበው ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ።

ሻለቃው ሳቀ። ሊፈርምበት ከነበረው የፈተና ወረቀት ላይ ብዕሩን አንስቶ፣ ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቀ።

«መጽሐፍ» አለ ጣሰው።

ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ መጽሐፍ እንዲህ አይጮኽም አለ። ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። እውነቱን ቢናገር ሻምበሉ ፊት ውሸታም ነው፤ ባይናገር ደግሞ ያ በትከሻ የተቀበረ አንገት ፊቱ ላይ መጣበት። አፈረ፤ ማፈሩ በሽማግሌው ይሁን በራሱ አልለየለትም።

«ጋሽ ዓብዱልመጂድ ናቸው፣ ባለ ሱቁ» አለ በአማርኛ። «የእንግሊዝ ወጥ ቤት ነበሩ።»

«ለእኔ ሌላ ነበር ያልከኝ» አለ ሻምበሉ።

«ዋሽቼ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ በእንግሊዝኛ ተረጎመ። ሻለቃው ብዕሩን ሳይፈርም አስቀመጠና ሰውየውን ላያቸው እፈልጋለሁ አለ። ጣሰው ሊጠራቸው ወደ ሱቁ ሮጠ።

«የሚያበስልለት ጠፋ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይደለም፤ ሊያይዎት ፈልጎ ነው።»

«እኔን? ምን አጠፋሁ?»

ምንም እንዳላጠፉ ቢነግራቸውም አላመኑትም። ሱቁን ለልጃቸው ለራሕማ ትተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው ተከተሉት። ጣሰው መንገዱን ሙሉ ወረቀቱ ይፈረም አይፈረም እያሰበ ነበር፣ ማሰቡንም ጠላው።

ሲገቡ ሻለቃው ከመቀመጫው ተነሣ። በሁለት እጁ ባዶውን ወንበር እያመለከተ ፈገግ አለ።

«ፕሊዝ፣ ሲት ዳውን።»

ጋሽ ዓብዱልመጂድ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ተመልሰው ሻለቃውን አዩት፣ ከዚያ ጣሰውን። ጣሰውም ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። ደብተሩን በልቡ ገለጠ፤ ጌት አፕ፣ ስታንድ አፕ፣ ሃሪ አፕ፣ ክሊር አውት። በሦስት ወር ውስጥ ይህችን ተቀመጡ የምትለዋን አላስተማሩትም።

ሽማግሌው ፈጠን ብለው ሄደው ወንበሩን ከጠረጴዛው ሳቡት፤ ጀርባውንም ይዘው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ለጣሰው ቆሙለት።

«ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይቀመጡ፣ አባቴ» አለ ጣሰው።

«ተሳስቷል» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ ለእንግዳ ነው የሚባለው።»

ሻለቃው ያልተሰማ መሰለው፤ በቅንነት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ሲት ዳውን!»

ድምፁ ከፍ ሲል ሽማግሌው ደነገጡ። ጎንበስ ብለው የወንበሩን መቀመጫ በመዳፋቸው ጠራረጉ፤ አቧራ አልነበረበትም። ከዚያ ጀርባውን እንደገና ያዙ።

ያልተፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጣሰው ዞር ብሎም አላየው። ሄዶ ከጎናቸው ቆመና እሱም የወንበሩን ጀርባ ያዘላቸው። ሁለቱም ያዙት፤ ወንበሩ ባዶ ነበር።