የሪባኑ ልምምድ

የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ልባቸው በትክክል ሳይሠራ የተወለዱ ሕፃናትን ማከም። ለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ከረምኩ። ስመለስ ሆስፒታሉ የልብ አልትራሳውንድ ገዝቶ ጠበቀኝ። ማሽኑ ግን በቀይ ሪባን ታስሯል። ክቡር እንግዳው መጥተው ቆርጠው እስኪመርቁት ማንም አይነካውም። እሳቸው ደግሞ ቀጠሯቸውን ሦስት ጊዜ አራዝመዋል።

እስከዚያው የዳይሬክተሩን የደም ግፊት እለካለሁ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። ሕፃኗ ጡት ስትይዝ ላብ ያጠምቃታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ ልቧ ያፏጫል። ቀዳዳ እንዳለው ገባኝ። የቱ ጋ እንደሆነና ስፋቱን ግን ጆሮ አይነግርም፤ ቀዶ ሐኪሞቹም ያለ ምስል አይቀበሉም።

ሪባኑ እንዲፈታልኝ ልጠይቅ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«ሪባኑ ከተፈታ እሳቸው ምን ሊመርቁ ነው?» አለኝ።

«ልጅቷ ብዙ አትቆይም።»

«ወንድሜ፣ እዚያ ለምደህ ነው። እዚህ ሁሉም በወጉ ነው።»

እውነቱን ይሆን እንዴ? ከተመለስኩ ወዲህ የማልጠራጠረው ነገር የለም።

ዋና ነርሷ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ቆማ ትሰማን ነበር። «ጌታዬ፣ እንግዳው ፊት ማሽኑ አልሠራም ቢልስ?»

የዳይሬክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«እንግዲያው ልምምድ ይደረግ። በሽተኛ ግን ከየት ይመጣል?»

«ደጅ ተቀምጣለች» አለች።

ነርሷ ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው። ዳይሬክተሩ ጥግ ቆሞ የምርቃት ንግግሩን ሲያነበንብ፣ እኔ የሕፃኗን ልብ የታች ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳውን አገኘሁት። ሰፊ ነው፤ ግን ይደፈናል። ምስሉን አትሜ ለቀዶ ሐኪሞቹ ከጻፍኩት ደብዳቤ ጋር ለእናትየው ሰጠኋት።

«ይቺ አታለቅስም። ለምርቃቱም እሷኑ አምጣልን» አለ ዳይሬክተሩ።

«ያኔ እሷ ቀዶ ሕክምና ላይ ናት።»

«ሌላ ፈልግ ታዲያ።»

«በየቀኑ ካልተለማመድን እጄ አይፍታታም» አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እናትየው በሩ ላይ ዞር አለች። «ዶክተርዬ፣ ይሄ ልምምድ ከሆነ ዋናው ምርመራ መቼ ነው?»

«አለቀ እኮ እህቴ። ዛሬውኑ ወደ ቀዶ ሐኪሞቹ ሂጂ።»

ይሄው አራት ወር ሆነ፤ እንግዳው አልመጡም። ሪባኑን እየፈታን፣ መልሰን እያሰርን በሠላሳ ስምንት ሕፃናት ተለማምደናል። ትናንት የመጀመሪያዋ ጉንጯ ሞልቶ፣ ደረቷ ላይ ቀጭን ጠባሳ ይዛ ለክትትል መጣች። የሪባኑን ጫፍ ጨምድዳ አልለቅ አለች።

«ቀስ በሏት» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ይጨማደዳል።»